ደብሪቱና ነጩ ጣራ

ባኮን በመጋቢት የማያውቅ ሰው ስለ ሙቀት አያውራኝ። አምቦ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ እጃጂ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ባኮ ሲወርድ ደግሞ ሸሚዙን ከጀርባው እያላቀቀ «ኧረ ዋቃዮ!» ይላል። ደብሪቱ ከእጃጂ ተድራ ወደዚያ ስትወርድ ማንም አላስጠነቀቃትም። ወይም አስጠንቅቀዋት ይሆናል፤ ግን ሙሽራ «ጣራው ቆርቆሮ ነው» ከተባለች ሌላው ወሬ በየት በኩል ጆሮዋ ይገባል? በዚያ ዘመን የቆርቆሮ ቤት እመቤት መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ሣር ክዳን ስር የኖረች ሴት ናትና፣ ሠርጉ ዕለት እልል ስትል ለልጇ ይሁን ለቆርቆሮው አልለየም።

ያ ቆርቆሮ ምድጃ ሆነባት። ቀትር ላይ እየጋለ ቋ፣ ቋ፣ ቀጭ ይላል፤ ከስሩ የተቀመጠ ሰው አንጎሉ ይፈላል። ደብሪቱ ወተት ከገበሬ እየሰበሰበች ቅቤና አይብ አውጥታ ገበያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከገና በኋላ ግን ቅቤዋ ቅሉ ውስጥ ቀልጦ እንደ ዘይት ይላወሳል እንጂ አይረጋም። ለቅቤው ብቻ ቢሆን ምን አባቱ፤ ተቸግራ ትኖር ነበር።

የመጀመሪያ ልጇ ሌታ በአራት ዓመቱ ሞተ። መጋቢት ነበር። ትኩሳት ያዘው፤ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ስታደርግለት ጨርቁ ወዲያው ይደርቃል፤ እንደገና ስትነክር እንደገና ይደርቃል፤ ጣራው ከላይ ቋ፣ ቋ ይላል። ሌታ ሯጭ ልጅ ነበር፤ ከደጅ «ኮቱ!» ብላ ስትጠራው፣ ና ማለቷ ነው፣ መሬቱን እየደበደበ ነበር የሚመጣው። እሱ ከሄደ በኋላ የተወለደችው ኡርጌ ደግሞ በዚያው በመጋቢት፣ በዚያው ዓይነት ትኩሳት፣ መራመድ በጀመረች ሳምንት ሄደች። ሁለት እርምጃ ትሄድና ዱብ ብላ በቂጧ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ለራሷ ታጨበጭባለች። ከዚህ ያለፈ እርምጃ አልነበራትም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ሕፃን በትኩሳት ላይ ይህን ቤት አይችለውም» አለ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደብሪቱ ግን ሳትፈራ ነው የደረሰባት። መፍራት የተማረችው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሦስተኛዋ፣ ወርቂቱ፣ የተወለደችው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ነው። ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ ሲላት ደብሪቱ «አሜን» ትልና በልቧ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች። ይቺ ልጅ መጋቢትን ታልፍልኝ ይሆን? ስታጠባት ይህንን፣ ስታጥባት ይህንን፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለምም ይህንኑ።

ባሏ ጉርሙ ምን ሠራተኛ ነው ቢሉ፣ መቃብር ነበር የሚሠራው። አትሳቁ፤ ሁላችንም ደንበኞቹ ነን። ድንጋይ ጠርቦ ይገነባል፣ ከዚያ በኖራ ይቀባዋል። የሌላው ሰው ኖራ አንድ ክረምት ካለፈበት ታጥቦ ይሄዳል፣ መቃብሩም ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል። የጉርሙ ግን ንቅንቅ አይልም። ኖራውን በውሃ አፍልቶ ካሳደረ በኋላ በሻሽ ያጠልለዋል፤ ጨው ይጨምርበታል፤ የቁልቋል ወተት ዓይኑን እየተጠነቀቀ ያንጠባጥብበታል፤ በመጨረሻም ደብሪቱ አይብ ስታወጣ የሚተርፋትን አጓት ገልብጦ እስኪወፍር ያማስለዋል።

ሙያውን ያስተማረው የእጃጂው ሽማግሌ ኦቦ ፈየራ ነው። ከሙያው ጋር አንድ ሕግ ሰጥቶታል። የመቃብር ኖራ የሕያው ቤት አይገባም። የተረፈው እዚያው አጥር ስር ይደፋል፤ ብሩሹም እዚያው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለምን ሲባል ሽማግሌው «ሙት ቀለሙን ያውቃል። ቀለሙን ያየበትን ቤት ቤቴ ነው ብሎ ይገባል» ይል ነበር። ደብሪቱ ይህን የሰማችው በሠርጓ ሰሞን ነው፤ አዲስ ሙሽራ ነበረችና ስቃ አለፈችው።

የካቲት ላይ ሕፃኗን ለእናቷ ልታሳይ እጃጂ ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ አውቶቡሱ ወደ ባኮ ሲያቆለቁል፣ ከዛጉት ጣራዎች መሃል አንድ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነገር አየች። አዲስ መቃብር መሰላት። «ማን ሞቶ ነው ደግሞ?» አለች በልቧ። መቃብር መንደር መሃል እንደማይሠራ ትዝ ያላት ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ልጇን አዝላ፣ ጠባቧን መንገድ ከጀመረች በኋላ ነው። የራሷ ቤት ነበር።

ጉርሙ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ቅንድቡ ሳይቀር ኖራ ነክቶታል።

«ምን አድርገህ ነው አንተ ሰው?»

«ቀባሁት። ለሙቀቱ ነው።»

«በኖራ? የቤት ጣራ በኖራ ይቀባል?»

«አትጩሂብኝ፤ መጀመሪያ ግቢ።»

ገባች። የክንዷ ጠጉር ቆመ። ቀትር ነው፤ ውጪ መሬቱ እግር ያቃጥላል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ከወንዝ ዳር እንደሚመጣ ያለ ቅዝቃዜ ፊቷን ነካት። ከሁሉም የገረማት ዝምታው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በቀትር ሲጮህ የኖረ ቆርቆሮ ጭጭ ብሏል። መደርደሪያው ላይ ትታው የሄደችውን የቅቤ ቅል አወረደችና ጣቷን ሰደደች፤ ጣቷ አልገባም። ቅቤው ረግቷል። በባኮ፣ በየካቲት፣ በጠራራ ፀሐይ! ጉርሙ እንደ ልጅ ሳቀ፤ ደብሪቱ አብራው ልትስቅ አፏን ከፈተችና አልሆነላትም።

መንደሩ እንግዲህ ሥራ አገኘ። ሰው ሁሉ እየመጣ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አሻግሬ ሳይቀር መጣ።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ይህ ነገር ከላይ ለሚያይ ምልክት እንዳይሆን?»

«ከላይ የሚያየኝ እግዜር ብቻ ነው ጓድ።»

«እሱንም ቢሆን ስብሰባ ላይ እንዳትለው» አለና ውስጡን ልመርምር ብሎ ገባ። ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ውሃ ጠጣ፤ ሌላም ጠጣ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ምርመራው አላለቀለትም። ሲወጣ ግን አንገቱን ወደ ጣራው አዙሮ «ይቀዘቅዛል፤ አቀዛቀዙ ግን ደስ አይልም» አለ። ሌላው ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል እንጂ አልገባም።

አጠገባቸው የሚኖሩት እትዬ ባየሽ ነበሩ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ አፋቸው ነው እንጂ። አንድ ማለዳ ደብሪቱን በአጥር ጠሯት። «ነይ እስኪ ጉድሽን እዪ» አሉና በጣታቸው አመለከቱ። ከነጩ ጣራ ጠርዝ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና ካዩ ወር አልፏቸዋል፤ የእትዬ ባየሽ ጣራ ደረቅ ነው፣ የጎረቤቱ ሁሉ ደረቅ ነው። የደብሪቱ ቤት ብቻ ያንጠባጥባል።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ቤትሽ ያለቅሳል እኮ!»

«ጤዛ ይሆናላ እትዬ።»

«ጤዛ ቤት መርጦ ነው የሚወርደው? ኧረ በስመ አብ!»

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በየማለዳው። ደብሪቱ ከጣራው ስር የራሰውን መሬት በአመድ ትሸፍነው ጀመር።

የእግር ድምፁን የሰማችው መጋቢት በገባ ሰሞን ነው። ቀትር ላይ ነበር፤ ደግሞ ቀትር የምን ሰዓት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ትልልቅ ሰዎች ሕፃን ከቤት የማያስወጡበት ሰዓት ነው። ወርቂቱን አስተኝታ አይብ ትጨምቃለች። ከጣራው ጫፍ የሚሮጥ ኮቴ መጣ። ደብ ደብ ደብ ብሎ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሄደ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀለል ያለ፣ ያልጠና። አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ዱብ።

አይቡ ከእጇ ወደቀ። ወጥታ አየች። ጣራው ላይ ምንም የለም፤ ብራቅ የመሰለ ነጭ ብቻ። ማታ ለጉርሙ ስትነግረው «ዋኖስ ነው። የሰው ጣራ ሁሉ እግር ሲያቃጥለው የኛን ቀዝቃዛ አግኝቶ ነው» አላት። እሷም ዋኖስ ነው ብላ አደረች። በማግስቱ ቀትር ግን ያው ሩጫ፣ ያው ሁለት እርምጃ፣ ያው ዱብ። ዋኖስ በቂጡ ይቀመጣል እንዴ? እናት የልጇን እግር ታውቃለች። ሌታና ኡርጌ በሕይወት አልተገናኙም፤ እሱ ሲሄድ እሷ አልተወለደችም ነበር። አሁን አንድ ላይ ይጫወታሉ፤ በገዛ ቤቷ አናት ላይ።

ያን ዕለት ጉርሙ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ጠበቀችው።

«ያንን ኖራ ከየት አመጣኸው?»

እጁን አየ። ጉርሙ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ስለዚህ ሞከረም አልሞከረም ያው ነው።

«ከልጆቹ ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቤቱ ሲሠራ የተረፉ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ ጉርሙ ዝናብ እንዳይመታቸው ብሎ በሁለቱ ልጆች መቃብር ላይ አልብሷቸው ነበር። ደብሪቱ እጃጂ ሳለች፣ ለመጪው መጋቢት ለኡርጌ ሙት ዓመት እንዲደርስ ብሎ ድንጋዩንም ቆርቆሮውንም በኖራ ቀባ። ከደረቀ በኋላ ቀትር ላይ ሲነሣ አዳልጦት እጁን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ፤ ተቃጠልኩ ብሎ ጮኸ፤ ግን አልተቃጠለም። ቀዝቃዛ ነው። ያው የቤቱ ቆርቆሮ፣ ያችው ፀሐይ። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን አስደገፈበት።

«እነሱ በቀዝቃዛ ተኝተዋል ደብሪቱ። እኛ ነን የምንቃጠለው። ወርቂቱ ትዝ አለችኝ። ሌላ ኖራ የት አለ? ሁሉም ለመንግሥት ሥራ ተወስዷል። የተረፈው በርሜል እዚያው ነበር። አጥር ስር ልደፋው አንሥቼ...»

«ወደ ቤቴ ደፋኸው።»

«ለልጄ ብዬ ነው!»

«ልጄን መቃብር ውስጥ አስተኛህብኝ!» ጮኸች። «ሁለቱን ከተኙበት አስነሣሃቸው፤ ሦስተኛዋን ሊወስዱ ነው የመጡት። አጥብልኝ! አፈር ስሆን፣ አሁኑኑ ውጣና አጥብልኝ!»

ወጣ፤ ምን ያድርግ። በአሸዋ ፈተገ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተገ፣ በፈላ ውሃ ፈተገ። ጣቱ ደማ፤ ኖራው ግን ወይ ፍንክች! ክረምት እንዳይነካው ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፤ ደግሞም ያጣበቀው የገዛ ሚስቱ አጓት ነው። ደብሪቱ ከታች ሆና ስታይ ቆየችና ፊቷን ወደ ሰማይ አዞረች። ዝናብ አምጣልኝ ብላ ለመነች፤ በመጋቢት፣ በባኮ። ዝናቡ ይጠበው፤ ልጆቼም ወደ ማረፊያቸው ይመለሱ።

ዝናብ አልመጣም። ልጇን አዝላ ወደ እትዬ ባየሽ ቤት ገባች፤ እሳቸውም «እሰይ፣ ልብ ገዛሽ» ብለው አልጋቸውን ለቀቁላት። ጉርሙ አጥር ጋ ቆሞ «ደብሪቱ፣ የእሳቸው ቤት እሳት ነው፤ ለልጅቷ እዘኚላት» ሲል ጀርባዋን ሰጠችው።

እሳት ነበር። ወርቂቱ መጀመሪያ ተነጫነጨች፤ በሦስተኛው ቀን ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከለቅሶዋ ባሰ። ጡት ሲሰጧት አፏን አትከፍትም። ደብሪቱ ጨርቅ ነክራ ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ጨርቁ ደረቀ። ነከረች፤ ደረቀ። ከላይ የእትዬ ባየሽ ቆርቆሮ ቋ፣ ቋ፣ ቀጭ ይላል። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሁለቴ እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች።

ብድግ ብላ ልጇን አቀፈች።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ባየሽ።

«ወደ ቤቴ።»

«በቀትር? ሕፃን ይዘሽ? እዚያ ቤት? አበድሽ ወይ ልጄ!»

ደብሪቱ አልሰማቻቸውም፤ በባዶ እግሯ፣ ነጠላዋ እየተጎተተ፣ ግቢውን አቋርጣ በሯን ገፋችና ገባች። ቅዝቃዜው ተቀበላት። ልጇን አልጋው ላይ አስተኝታ ልብሷን ገፈፈችላት። የሕፃኗ ዓይን ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታያል።

ያኔ ሩጫው መጣ። ከጠርዝ ተነሥቶ፣ መሬት እየደበደበ እንደሚመጣ ልጅ፣ ደብ ደብ ደብ፤ ልክ ከአልጋው በላይ ሲደርስ ቆመ። ከኋላው ያ ያልጠናው፣ አንድ፣ ሁለት፣ እሱም እዚያው ቆመ። ደብሪቱ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ሰሞኑን ሙሉ አፏ ላይ የነበረው አንድ ቃል ነው፤ ሂዱ የሚል። አፏን ከፈተች። ማንን ነው ሂዱ የምለው? የራሴን ልጆች? እንባዋ ገነፈለ።

«ሌታ» አለች። «ኡርጌ። እናንተ ናችሁ አይደል? እኔ ነኝ፤ እናታችሁ። ይቺ እህታችሁ ናት። ትኩሳት ይዟታል፤ እንደናንተው ነው ያደረጋት። አትውሰዱብኝ ልጆቼ፤ አራግቡላት።»

ቅዝቃዜው ብቻ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ቀስ ብሎ ፊቷ ላይ መጥቶ የሚያልፍ፣ ተመልሶም የሚመጣ፤ ሰው በሰፌድ ሲያራግብ እንዲሁ ነው። የሕፃኗ ግንባር ላይ ያለው ጨርቅ እርጥብ እንደሆነ ቆየ። ጉርሙ ሮጦ ሲገባ ሚስቱን ወለል ላይ ተንበርክካ አገኛት፤ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችው። አጠገቧ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወርቂቱ አለቀሰች፣ ጡት ፈለገች፣ ጠባች። ደብሪቱና ጉርሙ ተያይተው እንደ ሞኝ ተንሰቀሰቁ።

መጋቢት አለቀ። ያን ዓመት መንደሩ ውስጥ ትኩሳቱ ከአንድ ሁለት ቤት ሕፃን ወሰደ፤ ከነጩ ቤት ግን አልወሰደም። እትዬ ባየሽ መጀመሪያ በር ላይ፣ ቀጥሎ ደፍ ላይ፣ በመጨረሻ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ ጀመር፤ ኮቴው ሲሰማ ያማትባሉ እንጂ አይነሡም። «ማነው እሱ?» ብለው አንድ ጊዜ ሲጠይቁ ደብሪቱ «የኛ ሰዎች ናቸው» አለቻቸው፤ ሌላ አልጠየቁም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ከጊቤ በኩል ጠቆረ። ነፋስ አቧራውን አስነሣ፤ ነጎድጓድ ተከተለ። የመጀመሪያው ወፍራም ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታ ደብሪቱ ደነገጠች። ዝናብ! ራሷ የለመነችው። ጣራው ይታጠባል፤ ነጩ ይሄዳል፤ ልጆቹም... ሕፃኗን ለጉርሙ አስታቅፋ ወጣች።

ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ከጣራው ጠርዝ ስር ቆማ ሁለት እጇን እንደ ኩባያ አጥፋ ዘረጋች። ሞላ፤ አየችው፤ ደፋችው። እንደገና ሞላ፤ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ጥርት ያለ ውሃ ነበር። አንዲት ነጭ ጠብታ የለበትም። ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ ሹሩባዋ እየተንጠባጠበ፣ ድምፅዋን አውጥታ ሳቀች።

ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወደ ጣራው ቀና አለች። ሁለቱን አንድ ላይ ጠርታቸው አታውቅም፤ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ኮታ!» አለች። «ኑ ልጆቼ፣ ግቡ! ትበሰብሳላችሁ!»

ጣራው በዝናቡ ስለሚጮህ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ወርቂቱ ግን በአባቷ ክንድ ላይ ሆና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አንድ ነገር ትከተል ይመስል ዓይኗ ከደፉ ጀምሮ ወለሉን ይዞ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ አልጋው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁለት እጇን አጋጭታ ሳቀች። ጉርሙ ደርቆ ቀረ።

ደብሪቱ ነጠላዋን እየጨመቀች ገባች።

«በሩን ዝጋው እንጂ» አለችው። «ገብተዋል።»